ጎንደርና ጎንዶር

ምናባዊ ልብ ወለድ እንደማነብ ለአገሬ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገርሁት በአንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ቴንስታ ነበር፤ ከስቶክሆልም መኻል በስተሰሜን ምዕራብ፣ ብዙዎቻችን ስንመጣ ያረፍንበት ሠፈር። ሦስተኛው ቀን ስለ ነበር ዕንባው ጋብ ብሎ፣ ወንዶቹ እንደ ልማዳችን ወደ ፖለቲካው ተመልሰው ነበር። አንድ የቆየ ወዳጄ ከካፖርቴ ኪስ ብቅ ያለውን ወፍራም መጽሐፍ አየና ምን እንደ ሆነ ጠየቀኝ። ስለ አንድ ክፉ ቀለበት፣ ስለ ድንክዬዎች፣ ንጉሡን ስለሚጠብቅ ባዶ ዙፋን የሚተርክ ነው አልሁት። አገላብጦ መለሰልኝና፣ «ጎርኪን ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቀን በባትሪ ያነበብን ሰዎች አይደለንም እንዴ? አሁን በስተርጅና ወደ ተረት ሸሸህ?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ነገር ግን «ሸሸህ» የምትለዋ ቃል ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሳችኝ። ወዳጄ ሊያቆስለኝ ፈልጎ እንዳልተናገረ አውቃለሁ፤ እንዴትና ማንን ጥዬ እንደ ሸሸሁ ነግሬው አላውቅም ነበር።

በእኛ ትውልድ ዘንድ መጽሐፍ ግዳጅ ነበረበት። ጭቁኑን ካላነቃ፣ ጨቋኙን ካላጋለጠ፣ የታተመበት ወረቀት ያሳዝናል ይባል ነበር። ስለ ዘንዶና ስለ አስማት ማንበብ ይቅርና የፍቅር ታሪክ ይዞ መገኘት እንኳ በጓድ ፊት ያሳፍር ነበር። ቋንቋችን ከእኛ ይልቅ ቸር እንደ ሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙትን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት፤ ስሙም ለዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ልብ የወለደው ማለት ነው፤ ልቡ ምን ወለደ፣ ለምን ወለደ የሚል ጥያቄ በስሙ ውስጥ የለም። በዓሉ ግርማ በ«ኦሮማይ» የፈጠሩት ጋዜጠኛና እንግሊዛዊው ቶልኪን የፈጠሩት ድንክዬ በዚህ ስም ሥር የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

አያቴማ ይህን ክርክር ቢሰሙ ይገረሙ ነበር። የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከድርቡሽ እሳት ያዳኑት ንቦች እንደ ሆኑ ሲነግሩን፣ ከገበያ ተመልሰው የጤፍ ዋጋ የሚያወሩ ያህል ድምፃቸው የረጋ ነበር። ከዐፄ ፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችውን ክብ ቤት የዞብል መቃብር ናት ይሉን ነበር፤ ዞብል የንጉሡ ፈረስ ነው። ፈረስ እንኳ መቃብር ያለው ከተማ ውስጥ ነው ያደግሁት። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ ማንም «ምናባዊ» ብሎ አልጠራውም፤ ከወሬው ሁሉ ጋር የሚኖር ወሬ ነበር።

ወደዚህ ንባብ የገባሁት በእንጀራ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ቫሳስታን በሚባለው ሠፈር አዛውንትን ቤት ለቤት እየዞርሁ እንድንከባከብ ተቀጠርሁ። ሥራው ምሳ ማሞቅ፣ መድኃኒት ማቀበል፣ አልጋ ማንጠፍ ነበር። ከማገለግላቸው መካከል ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ወይዘሮ ዓይናቸው እየደከመ ስለ ሄደ፣ የተረፈውን ሩብ ሰዓት ወለል ከመወልወል አንብብልኝ አሉኝ። ስዊድኖች ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሰውን ሁሉ «ዱ» ማለት ለምደዋል፤ አንተ ወይም አንቺ እንደ ማለት ነው። እኔ አያቴን የሚያህሉ ሴት አንቺ ለማለት አንደበቴ እምቢ ስላለኝ፣ ሁለት ወር ያህል ተውላጠ ስም ሳልጠራ አነጋገርኋቸው። «ሻዩ ደርሷል»፣ «መስኮቱ ይዘጋ ይሆን?» እያልሁ። በመጨረሻ ነገሩ ገብቷቸው ብዙ ሳቁና፣ «ከፈለግህ ንግሥት በለኝ» አሉ።

ያቀበሉኝ መጽሐፍ ከ1959 እስከ 1961 በሦስት ቅጽ የወጣው የቶልኪን የቀለበት ተረት ነበር፤ በኦከ ኡልማርክስ የስዊድንኛ ትርጉም። ስዊድኖች ለቶልኪን ቀደምት ወዳጆች ናቸው። «ሆቢት» የተባለው መጽሐፋቸው ከእንግሊዝኛ ውጭ መጀመሪያ የታተመው በ1947 በስዊድንኛ ነው። ኡልማርክስ ግን ያጌጠ፣ ያረጀ፣ አንዳንዴም ከዋናው የራቀ ስዊድንኛ ጻፈ፤ ቶልኪንም በሥራው እጅግ ተቈጥተዋል። ከ2004 እስከ 2005 ኤሪክ አንደሽን እንደ ገና ተርጕሞታል፤ ዐዋቂዎቹም ይኸኛው ትክክለኛው ነው ይላሉ። ልክ ናቸው። እኔ ግን አሮጌውን አልተውሁም፤ ስዊድንኛዬን ያስተማረኝ እርሱ ነውና። ከዚያ መጽሐፍ የለቀምሁትን አንድ «ምክንያቱም» የሚል ጥንታዊ ቃል በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ብጠቀምበት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንድ የውጭ አገር ሰው በአዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ተነሥቶ፣ «ዘገየሁ፤ እስመ አውቶቡሱ አልመጣም» ቢል እንደ ማለት ነው። አለቃዬ እንደ አስማተኛው ሽማግሌ እንደ ጋንዳልፍ ትናገራለህ አለችኝ። ስም ሆኖብኝ ዓመታት ቆየ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጮክ ብዬ ሳነብ ጎንዶር ከሚል ስም ደረስሁና ቆምሁ። ወይዘሮዋ «ምነው?» አሉ። «የተወለድሁበት ከተማ ነው» አልኋቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ንባቡ በየገጹ ይቋረጥ ጀመር፤ እኔ ስለ ጎንደር ስነግራቸው፣ እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ፣ የምሳው ድንች ሲቀዘቅዝ።

መመሳሰሉን ያየሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ ኋላ ተረዳሁ። በ1971 አንድ ሰው ይህንኑ ጉዳይ በደብዳቤ አንሥቶላቸው ነበር። ቶልኪን ስሙን የሚያፈልቁት ራሳቸው ከፈጠሩት ቋንቋ፣ ድንጋይ ከሚል ቃል ነው፤ ጎንዶር የድንጋይ አገር ማለት ነው። አምናቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ዐፄ ፋሲል ከ1636 ጀምሮ በቆረቆሩት ከተማ፣ በድንጋይ ግንብ ጥላ ሥር እግር ኳስ እየተጫወተ ያደገ ልጅ «የድንጋይ አገር» የሚለውን ትርጉም ሲሰማ ነገሩ ተዘጋ ብሎ ሊቀመጥ አይችልም።

ደግሞም ነገሩ ከስም ያልፋል። በመጽሐፉ ውስጥ የጎንዶር ነገሥታት ዘር ከጠፋ ቆይቷል። አገሩን የሚገዙት ሰዎች ከከፍተኛው ዙፋን ግርጌ፣ ጌጥ በሌለው የድንጋይ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ንጉሡ እስኪመለስ ድረስ በስሙ ይገዛሉ። ይህን ማዕርግ በአማርኛ ጥራው ብባል «እንደራሴ» ከማለት ሌላ ቃል የለኝም። ከ1769 እስከ 1855 በነበረው በዘመነ መሳፍንት የእኛው ጎንደር የተገለበጠ መልኩን ኖራዋለች፤ ዙፋኑ ላይ ሰው አልጠፋም፣ ንጉሡን የሚሾሙትና የሚሽሩት ግን ራሶቹ ነበሩ፤ ብዙውን ጊዜም የየጁ ራሶች። ሕዝቡ ደግሞ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል የሚል ትንቢት በጆሮው ይዞ ይኖር ነበር። የቋራው ካሣ በ1855 ሲነግሡ ያን ስም የመረጡት ትንቢቱን ዐውቀው ነው። የቶልኪን ሦስተኛ ቅጽ «የንጉሡ መመለስ» ይባላል፤ እንግሊዛዊ አንባቢ እንደ ጥሩ ተረት ያነበዋል፣ የጎንደር ሰው ግን የአያቱን ወሬ ይሰማበታል።

እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። በመስከረም 1974 ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስዋገን ሲወሰዱ፣ በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ከዘለሉትና ከጮኹት ልጆች አንዱ ነበርሁ። ከዓመታት በኋላ ስቶክሆልም ውስጥ የንጉሥ ዘውድ ሲደፋ የሚያሳየውን ምዕራፍ ለአንዲት አሮጊት ሳነብ ድምፄ ተቋረጠ። ንጉሥ አልናፍቅም፤ ዛሬም ያን ቀን በመዝለሌ አልጸጸትም። ታዲያ ምን እንዳስለቀሰኝ በደንብ ማስረዳት አልችልም። ምናልባት በመጽሐፉ ውስጥ የጠፋ ሁሉ የሚመለስበት ቀን መኖሩ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አውሮፓውያን ምናባቸውን የሚያሳርፉበት ምድር ሲያጡ ወደ እኛ መምጣታቸው የቆየ ልማድ ነው። ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ የሚሉትን ባለ ተአምር ገዥ መጀመሪያ በእስያ ፈልገው ሲያጡት ኢትዮጵያ አስቀመጡት። ሚልተን በ1667 ባወጡት ግጥም ውስጥ የአማራን ተራራ ከገነት ጋር አነጻጽረውታል። ሳሙኤል ጆንሰን አገራችንን ሳያዩ በ1759 ስለ ራሴላስ ጻፉ፤ ልዑሉን ምንም ከማይጐድልበት ሸለቆ ውስጥ ዘግተው እንዲሰለች አደረጉት፤ ሲራክ ኅሩይም ያን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መለሱልን። ስለዚህ የስዊድን የሥራ ባልደረቦቼ ስለ አገሬ ሲጠይቁኝ የሚያዩት ወይ የ1984ቱን ረኃብ ወይ የንግሥተ ሳባን ወርቅ ብቻ መሆኑ አያናድደኝም። የሰው ምናብ ሆኖ መኖር ለእኛ አዲስ አይደለም። እኔ በተራዬ የእነርሱን ምናብ በባቡር ውስጥ ማንበቤ ብድር መመለስ ነው።

ባቡሩ ራሱ ለዚህ ንባብ የተሠራ ይመስላል። ከቴንስታ ወደ መኻል ከተማ የሚወስደው ሰማያዊ መስመር ዓለት እየበሳ ነው የሚሄደው። ሮድሁሴት የተባለው ጣቢያ ዓለቱ እንዳለ ተትቶ በቀይ ቡናማ ቀለም ብቻ የተቀባ ዋሻ ነው። ሌሊት ከሥራ ስመለስ እዚያ ባቡሩ ሲቆም ከመጽሐፉ ቀና እላለሁ፤ የቶልኪን ድንክዬዎች ተራራ ፈልፍለው የሠሩት የሞሪያ አዳራሽም፣ በልጅነቴ አንድ ጊዜ ያየሁት ላሊበላም ይመጡብኛል። ቴንስታ ስደርስ ደግሞ ሠዓሊዋ ሄልጋ ሄንሸን በ1975 ለስደተኞች መታሰቢያ ባስዋበችው ግድግዳ ላይ፣ ወንድምነትና እኅትነት የሚለው ቃል በብዙ ቋንቋዎች ተጽፎ ይጠብቀኛል። ያን ቃል ሳላነብ ለማለፍ ወደ ደረጃው ፈጠን እል ነበር።

ከለቅሶው በኋላ ባለው ሳምንት ስለ ሽሽት የተጻፈ ነገር ፈለግሁና ቶልኪን በ1939 በስኮትላንድ ያደረጉትን፣ በ1947 የታተመውን ስለ ተረት የሚናገር ድርሰት አገኘሁ። ተረት አንባቢን «ሸሽ» የሚሉ ሰዎች ሁለት ነገሮችን ያደባልቃሉ ይላሉ፤ የእስረኛን ማምለጥና የከዳ ወታደርን ሽሽት። እስር ቤት ያለ ሰው ስለ ቤቱ ቢያስብ፣ ከግድግዳው ውጭ ስላለው ቢያወራ ምን ጥፋት አለበት ነው ነገሩ። እርሳቸው የሚከራከሩት ስለ መጽሐፍ ነበር። እኔ ግን ገጹን ዘግቼ ወጥ ቤት ውስጥ መብራት ሳላበራ ተቀመጥሁ።

በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1978 መጀመሪያ፣ ሌሊት በራችን ተንኳኳ። ወንድሜ አራት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። በጓሮው አጥር ዝለል አለኝና እርሱ ወደ በሩ ሄደ። በሩን ቶሎ አልከፈተም፤ ማን ናችሁ፣ ቁልፉ ጠፋኝ፣ ቆዩ እያለ ጮክ ብሎ ሲያወራ አጥሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ከሚያስፈልገው በላይ እንደሚያወራ ገብቶኝ ነበር። ዘለልሁ። በመተማ በኩል ሱዳን ገባሁ። ወንድሜን ዳግመኛ ያየው የለም፤ አስከሬኑም አልተሰጠንም። እናቴ መቃብር ፍለጋ ደክመው ሞቱ። ያመለጠ እስረኛ ነኝ ወይስ ከድቶ የሸሸ? ቶልኪን ሁለቱን በደንብ ለይተው አስቀምጠዋቸዋል፤ እኔ ራሴን የማስቀምጥበት ወገን ግን ሌሊት በሌሊት ይለዋወጣል።

አስትሪድ ሊንድግሬን ጥር 28 ቀን 2002 በዘጠና አራት ዓመታቸው ሞቱ፤ ከ1941 ጀምሮ በኖሩበት በዳላጋታን 46። ይህ መንገድ ለዓመታት ድስት ያሞቅሁበት ሠፈር ነው። ከእርሱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቴግኔርሉንደን የሚባል ትንሽ መናፈሻ አለ፤ የሚዮ ታሪክ የሚነሣው እዚያ፣ የሚወደው የሌለው አንድ ልጅ ከተቀመጠበት አግዳሚ ወንበር ነው። መጋቢት 8 ቀን ቀብራቸው ሲፈጸም አሥር ዓመት የሆናትን ልጄን ይዤ ከሕዝቡ ጋር ቆምሁ። ከሬሳ ሠረገላው በስተኋላ ሰው ያልተቀመጠበት ነጭ ፈረስ ይጎተት ነበር። አገሬ የትልቅ ሰው ለቅሶ ላይ የሟች ፈረስ ተጭኖ ሲወጣ ስላየሁ፣ ስዊድኖች በዙሪያዬ ለምን በዝምታ እንደሚያለቅሱ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም።

በዚያ ፀደይ የልጄ ክፍል የደራሲዋን «የአንበሳ ልብ ወንድማማቾች» አነበበ። መጽሐፉ የወጣው በ1973 ነው። እርስዋን ለመርዳት ብዬ ማታ ማታ ቀድሜያት አነብ ነበር፤ የልጆች መጽሐፍ ነው ብዬ ንቄው ነበርና ምንም አልተዘጋጀሁም። ካርል በሽተኛ ልጅ ነው፤ ቤታቸው ሲቃጠል ታላቁ ዮናታን አዝሎት በመስኮት ይዘላል፤ ታናሹ ይተርፋል፣ ታላቁ ይሞታል። በኋላ ናንጊያላ በምትባል አገር ይገናኛሉ። እዚያ ያለው ነገር ደግሞ እንደማውቀው ዓይነት ነው፤ ሸለቆውን በግንብ ያጠረ ጨካኝ ገዥ፣ በኅቡዕ የሚገናኙ ሰዎች፣ በእርግብ የሚላክ ምስጢር፣ ከመካከላቸው የሚሸጣቸው አንድ ሰው። ሲወጣ ይህ መጽሐፍ ከእውነት መሸሽን ያስተምራል ብለው የነቀፉት የስዊድን ተራማጆች ነበሩ። ወዳጄን ከለቅሶው ቤት አስታወስሁት። ጎርኪን አክብሬ፣ ስለዚያ ሌሊታችን እንደዚህ አድርጎ የነገረኝ ሌላ መጽሐፍ የለም።

ታሪኩ የመጣላቸው ደራሲዋ በተወለዱባት ቪመርቢ መቃብር ቦታ፣ በ1860 በሕፃንነታቸው የሞቱ የሁለት ወንድማማቾች ስም ያለበትን መስቀል አይተው እንደ ሆነ ተናግረዋል። ሁለት ስም፣ አንድ መቃብር። ይህን ካነበብሁ በኋላ መጽሐፉን ለሁለት ቀን አልነካሁትም።

ልጄ በሦስተኛው ቀን ወጥ ቤት መጥታ፣ «አባዬ፣ መደርደሪያው ላይ ፎቶው ያለው ወንድምህ እንዴት ነው የሞተው?» አለችኝ። እስከዚያ ቀን «በጦርነቱ ጊዜ» ከማለት አልፌ አላውቅም። ነገርኋት፤ በሩን፣ አጥሩን፣ የጮኸውን ድምፅ። በአማርኛ ጀመርሁ፤ ቃል ሲያጥራት በስዊድንኛ ሞላሁላት፤ በዚያ በኡልማርክስ አሮጌ ስዊድንኛ። አላለቀሰችም። ጥቂት አሰበችና፣ «እና አንተን አዝሎህ ያውቃል?» አለች።

ያውቃል። በክረምት ቀሃ ወንዝ ሲሞላ፣ ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ ጫማዬን በአንገቱ አንጠልጥሎ አዝሎ ያሻግረኝ ነበር። ውኃው እስከ ጉልበቱ ይደርስ ነበር፤ ወደ ታች አትይ ይለኝ ነበር። ይህን ለሃያ አራት ዓመት አላስታወስሁትም ነበር።

ከክፍሏ የቤት ሥራ አንዱ የናንጊያላን ካርታ መሣል ነበር። በወላጆች ቀን መምህርቷ ካርታውን ከፊቴ ዘረጋችው፤ የቼሪው ሸለቆ አለ፣ ተራሮቹ አሉ፣ የዘንዶዋ ዋሻ አለ። በመኻል ወፍራም ሰማያዊ መስመር ወርዶ በላቲን ፊደል «ቀሃ» ተብሎ ተጽፎበታል። «ይህን ወንዝ መጽሐፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት፤ የት ነው ያለው?» አለችኝ።

«ጎንደር» አልኋት።

«ጎንዶር?» አለች፤ ፊቷ በርቶ። «ቶልኪንም አንብባለች ማለት ነው?»

ለእያንዳንዱ ወላጅ የተመደበው ሩብ ሰዓት ነበር፤ ከበሩ ውጭ ሌላ ወላጅ ይጠብቅ ነበር። ካፖርቴን አውልቄ በልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ በደንብ ተቀመጥሁና ከወንዙ ጀመርሁ።